ባለቤትዎ ተሰርዘዋል

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ልብስ ሰፊዋ ዳቦ ልትገዛ መንገድ ስትሻገር ግራጫ መኪና ገጭታት አለፈች። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ይህንን ነው። ዳቦ ሻጯ ግን ቃሌን አልወደደችውም።

«ገጭታት አለፈች አይባልም» አለችኝ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «እዚያ ጥግ ላይ ሞተሯ እየሠራ ቆማ ነበር። ሴትዮዋ ከሱቋ ስትወጣ ነው የተነሳችው። ፍሬን የሚባል ነገር አልሰማሁም።»

«ነጂውን አየሽው?»

«ካፊያ ነበር እኮ፤ መስታወቱ ደብዝዟል። ያየሁት ዝናብ መጥረጊያው ወዲህ ወዲያ ሲል ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አልሞተችም። ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ራሷን እንደሳተች ሆስፒታል ገብታለች። የሱቋ በር ገርበብ ብሏል። ስፌት መኪናው ላይ ያላለቀ እጅጌ ተንጠልጥሏል። የምትኖረው እዚያው ሱቁ ጓዳ ውስጥ ነው፤ አልጋዋ እንኳ አልተነጠፈም። ለሁለት ዳቦ ብላ ነው የወጣችው።

«ጠላት ነበራት?» አለች ሃምሳ አለቃዋ። ሃምሳ አለቃዋ ረዳቴ ናት። ሥራው ላይ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እኔ ሃያ ስድስቴ፤ ስንከራከር ግን የሚሰማን ሰው ቁጥሩን ይገለብጠዋል።

ዳቦ ሻጯ ትንሽ አሰበች። «ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን አጠበበችብኝ ብሎ ሰፈሩን ያወከ ሰውዬ ነበር። እገድልሻለሁ ብሏታል።»

ሰውዬውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤቱ አገኘነው፤ እግሩ በጀሶ ታስሮ ተኝቷል። ያ የጠበበ ሱሪ ደረጃ ላይ ጠልፎ ጥሎት ኖሯል። ስለ ልብስ ሰፊዋ ስንነግረው ግን ከልቡ አዘነ።

ዳቦ ሻጯ ሌላም ነገር ብላን ነበር፤ እኔ የያዝኩት ይሄኛውን ነው። «የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ባል ይመላለስባታል። ሸሚዝ ላሰፋ ይላል፤ ግን ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራው። አንድም ሸሚዝ ይዞ ሲወጣ አላየሁም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሚስቲቱ ብቻ ናት የማታውቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

መኪናዋ ከአትክልት ተራው ጀርባ፣ ባዶ ሣጥን ከተደረደረበት ግድግዳ ሥር ተቆልፋ ተገኘች። ኮፈኗ ገብቷል፣ የቀኝ መብራቷ ተሰብሯል፣ መሪው ተወልውሏል። ሰሌዳዋን ስናጣራ በባልና ሚስት ስም የተመዘገበች ናት። ሚስት የመድኃኒት ባለሙያ፣ ባል ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ። ይኸው ነው እንግዲህ አልኩ በልቤ፤ ሚስቲቱ ሰምታለች።

ቁልፍ ሠሪ አስጠርተን አስከፈትን። ከዳሽቦርዱ ኪስ ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ ከኢንሹራንስ ድርጅት የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ስም የለበትም፣ የውል ቁጥር ብቻ።

«ለተከበሩ ደንበኛችን» ይላል። «በጠየቁን መሠረት፣ ባለቤትዎ ከሰኞ ጀምሮ በመኪናዎ የመድን ውል ላይ ከነበሩበት የአሽከርካሪዎች ዝርዝር የተሰረዙ መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን። ከእንግዲህ ባለቤትዎ መኪናዋን ሲነዱ ለሚደርስ ጉዳት ድርጅታችን ኃላፊነት አይወስድም።»

ሁለተኛው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነው። ቀንና ቁጥር፣ ቀንና ቁጥር፣ ገጽ በገጽ። ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ደግሞ ጭራ ያላት ክብ ምልክት ተደርጋለች።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ሃምሳ አለቃዋ።

«የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ ነው። መኪናዋ በቀን ስንት እንደሄደች የሚከታተል ሰው አለ።»

«እንዴት ባንዴ አወቅከው፣ አለቃ?»

«ልምድ ነው» አልኳት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ባለቤቴ የሙዚቃ አስተማሪ ናት። አምና ትምህርት ቤቷ ጊታር የሚጫወት ርዕሰ መምህር መጣላቸው። አንድ ወር ሙሉ ቆሻሻ ልጥል እየመሰልኩ እየወጣሁ የመኪናዋን ቆጣሪ ጻፍኩ። ምንም አላገኘሁም። ምንም አለማግኘቴም አላሳረፈኝም፤ ይልቁንስ ብልጥ ናት አልኩ። ዛሬም ስልኳ ጠርቶ ስትስቅ ከማን ጋር እንደሆነ ለመስማት የሬዲዮኑን ድምፅ እቀንሳለሁ። ቅናት ያለበት ሰው ቅናትን ሲያይ ቶሎ ያውቃል ብዬ አምን ነበር፤ በዚህ ጉዳይ የተሳሳትኩትም ይህን በማመኔ ነው።

ኢንሹራንሱ ዘንድ ደወልኩ። ያነሳው ጸሐፊ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አንቱ ከማለት ሌላ የሚያውቅ አይመስልም።

«አዎ፣ ጌታዬ፣ ያን ውል አስታውሰዋለሁ። ሰኞ ዕለት እሳቸው ራሳቸው መጥተው ነው ባለቤታቸውን ያሰረዙት።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን። እያለቀሱ ነው የፈረሙት፣ አሳዘኑኝ። ሶፍት ሰጠኋቸው።»

«ምክንያቱን ተናገሩ?»

«የቤት ነገር ነው፣ ምን ልበልዎ። ባለቤታቸው መኪናዋን ይዘው የት እንደሚሄዱ አይታወቅም። ከእንግዲህ የሚሄዱበትን በእግራቸው ይሂዱ ነው ያሉት። ሁለቱንም ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ሌላ ነጂ የለም አሉ።»

ስልኩን ዘጋሁ። «አለቀ» አልኳት ለሃምሳ አለቃዋ። «ባሏ ልብስ ሰፊዋ ጋ እንዳይሄድባት መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ ሰረዘችው፣ ቁልፉንም ነጠቀችው። አልበቃትም። ሁለቱም ቁልፍ እሷ ጋ ከሆነ መኪናዋን የነዳው ማነው?»

«ወረቀቱን ብናየው አይሻልም?» አለች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል።»

«ጸሐፊው ነገረኝ እኮ።»

«እሺ» አለች። እሺ ስትል አልተስማማሁም ማለቷ ነው።

መድኃኒት ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነው። ሴትዮዋ ነጭ ጋውን ለብሳ ክኒን ትቆጥራለች። ቆጥራ ሳትጨርስ ቀና አላለችም።

«መኪናዎ የት ናት?» አልኳት።

«ቤት ናት። መቼም ካልተነሳች።»

«ማን ያነሳታል?»

«ባለቤቴ ነዋ። እኔ ቁልፌ ከሰኞ ጀምሮ ጠፍቶብኛል።»

«ከሰኞ ጀምሮ» አልኩ፣ ወደ ሃምሳ አለቃዋ እያየሁ። «ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«በእግሬ ወጣ ብዬ ነበር።»

«ወዴት?»

«ዝም ብዬ።»

«በካፊያ? ያለ ጃንጥላ? ዝም ብለው?»

«ኮቴን ልብስ ሰፊ ጋ ሰጥቼዋለሁ፤ ገበሩ ተቀዶ። ሹራብ ነበር የለበስኩት።» ከዚያ ፊቴን አይታ ቆም አለች። «ምን ተፈጥሮ ነው?»

ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጥሩ ታስመስላለች አልኩ በልቤ።

«ባለቤትዎን ከኢንሹራንሱ ለምን አሰረዙ?»

«ማንን?»

«ባለቤትዎን።»

«ማንንም አላሰረዝኩም።»

«ሰኞ ዕለት እያለቀሱ ፈርመው የለም?»

«ሰኞ እዚህ ነበርኩ። ስለምን እንደሚያወሩ አላውቅም።»

«ጸሐፊው አይቶሻል እኮ።» ቃሉ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው አንቺ ማለቴ የታወቀኝ። እሷም ታውቋታል። ጋውኗን አውልቃ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ልሂድ እንዴ?» አለች፤ ክፉም ደግም የሌለው ድምፅ ነበር።

በሃምሳ አለቃዋ መኪና ወደ ጣቢያ ላክኋት። እስከ ዓርብ ቀትር በግድያ ሙከራ ክስ ልመሠርትባት ወስኛለሁ። ሃያ ዓመት ልትታሰር ትችላለች። ያን ስወስን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው በራሱ ላይ የሚጠላውን ነገር ሌላው ላይ ሲያስር ደስ ይለዋል።

ባልየውን ያገኘሁት ማተሚያ ቤቱ ውስጥ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ከታች የማሽኑ ንዝረት ወለሉን ያርበደብደዋል። ጠረጴዛው ላይ ለመታተም የተዘጋጁ ገጾች ተከምረዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል፣ ተከበዋል፣ ጭራ በጭራ ሆነዋል። ጢማም፣ ቀጭን፣ ጸጥተኛ ሰው ነው።

«ስለ ባለቤትዎ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ፊቱ ነጭ ወረቀት መሰለ። ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ሞተች?» አለ።

«ኧረ በሕይወት አለች። አሁን ነው ያነጋገርኳት።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እንዴት ቢወዳት ነው አልኩ። ባለቤቴ ብትሰማ ‹ሴትዮዋ እንዲህ የሚያለቅስላት ባል አላት› ትል ይሆን ብዬም አሰብኩ፣ በሥራ ሰዓት።

ስለ ልብስ ሰፊዋ ነገርኩት። ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ደብዳቤውን አግኝተናል» አልኩት። «የኢንሹራንሱን። ባለቤትዎ እንዳሰረዘችዎት አውቀናል።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ገጾቹ መለሰ። ያንን ሐፍረት ብዬ ተረጎምኩት።

«ስለዚያ ነገር ባልናገር ደስ ይለኛል» አለ። «የቤት ጉዳይ ነው።»

«ይገባኛል። እንዲያው አንድ ነገር ብቻ፤ መኪናዋን የሚነዳት ማነው?»

«ከሰኞ ወዲህ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚነዳት።»

«ዛሬ ጠዋት ሚስትዎ ቤት ነበረች?»

«ስነቃ አልነበረችም።»

«እርስዎስ?»

«ሥራ የገባሁት በእግሬ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ። ዘበኛው ይመሰክራል።»

ዘበኛው መሰከረ፤ በእግሩ ነው የመጣው፣ ጫማው ጭቃ ነበር።

«ልብስ ሰፊዋ ጋ ይመላለሱ ነበር ይባላል» አልኩት ስወጣ።

«ሸሚዝ ፈልጌ አልነበረም» አለ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፣ ኢንስፔክተር። ሰው በራሱ ቤት ሲናቅ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።» ስለ ሚስቱ ንቀት የሚያወራ መሰለኝ። ትከሻውን መታ አድርጌው ወጣሁ።

ከሰዓት ሃምሳ አለቃዋ ከሆስፒታል ተመለሰች። የልብስ ሰፊዋን ልብስ በላስቲክ ከረጢት ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ ወይን ጠጅ ኮት ዘረጋች፤ ጭቃና ደም ነክቶታል።

«ዳስሰው» አለችኝ። «ቀስ ብለህ ታዲያ።»

ዳሰስኩት። ጣቴን አንድ ነገር ወጋኝ። ገበሩ ጫፍ ላይ ስፒል ተሰክቶበታል፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

«ልብስ ሰፊ የራሷን ኮት ስፒል ተሰክቶበት ትለብሳለች?» አለች። «ይሄ የደንበኛ ኮት ነው። ሲያካፋ ከመስቀያው አንስታ ጣል አድርጋው ወጣች። የማን እንደሆነ ልንገርህ?»

«የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ኮት ነው። ነግራናለች።»

«ታዲያ፣ አለቃ፣ ከኋላ ሆኖ መስታወቱ በደበዘዘ መኪና ውስጥ ሰው ይህን ኮት ሲያይ ማንን ያያል?»

«ሚስቲቱ የራሷን ኮት የለበሰችባትን ሴት ስታይ ደሟ ፈላ» አልኩ።

ሃምሳ አለቃዋ ኮቱን አጣጥፋ መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች፣ ለኮቱ የምትናገር ይመስል።

ዓርብ ጠዋት የጣቢያው አዛዥ አስጠሩኝ። «አይቶ የሚመሰክር የለህም፣ ቁልፉን አላገኘህም፣ የእጅ አሻራ የለህም» አሉኝ። «ጸሐፊው የሰጠህንም ቃል በጽሑፍ አልያዝክም። ሴትዮዋ በዋስ ትውጣ።»

«ማን ይዋሳታል?»

«ባል የላትም?»

«አላት፣ ምስኪን ነው» አልኩ። «እሱ ይዋሳት። እኔ ራሴ እደውልለታለሁ።» ደወልኩለት። ወዲያው እመጣለሁ፣ ወደ ቤቷ እወስዳታለሁ አለ፤ ድምፁ በጣም የረጋ ነበር።

እኔ ደግሞ መልሼ የማስርበትን ወረቀት ፍለጋ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው እንደ ድምፁ ነው፤ ለስላሳ፣ ክብ፣ ክራባቱን በአንገቱ ልክ ያሰረ። በሩ ላይ የተኛችውን ድመት «ይለፉ እስቲ» ብሎ ሲያስነሳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማመልከቻውን ከመደርደሪያ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

አነበብኩት። «የሚሰረዙት አሽከርካሪ ከአመልካች ጋር ያላቸው ዝምድና» ከሚለው ትይዩ፣ በቀጭን፣ ጥንቅቅ ባለ ጽሕፈት አንድ ቃል ተጽፏል። ሚስት።

ደግሜ አነበብኩት። ቃሉ አልተለወጠም።

«ይሄን የፈረመው ማነው?» አልኩ።

«እሳቸው ናቸዋ። ነግሬዎት የለ?»

«እሳቸው ማለት ወንድ ናቸው?»

«ወንድ ናቸው። ጢም አላቸው። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ሲገባ ነው ሶፍት የሰጠኋቸው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ፣ ጌታዬ። የጠየቁኝ ብቻቸውን ናቸው ወይ ብለው ነው።»

እውነቱን ነው። ባለቤታቸው፣ እሳቸው፣ ሄዱ፣ ፈረሙ፣ አለቀሱ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወንዱን ከሴት የሚለይ አንድ ፊደል የለም። አለቀሱ ሲባል ሴት ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤውም በአክብሮት ተጽፎ ማን ማንን እንደሰረዘ ሳይናገር ዳሽቦርድ ውስጥ ተቀምጧል። ጨዋነት ምስክር ከሆነ ዕውር ምስክር ነው።

«በእግራቸው ይሂዱ አሉ ብለኸኝ ነበር» አልኩት። «እስቲ ያሉትን ቃል በቃል ንገረኝ። አንተ ሳታስተካክለው።»

ጸሐፊው አፈረ። «እኔ እንደዚያ መናገር ስለማልወድ ነው እንጂ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ከእንግዲህ የምትሄድበት በእግሯ ትሂድ፤ ደግሞ ትሂድና አያታለሁ› ነው ያሉት።»

ያን ጊዜ ባልየው የነገረኝ ሁሉ መጣብኝ። ከሰኞ ወዲህ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚነዳት። ስነቃ አልነበረችም። ሥራ የገባሁት በእግሬ ነው። አንድም ውሸት የለበትም። ሥራው ማረም ነው፤ ስህተት አይጽፍም። የደብተሩ ጭራ ያላት ምልክት የአራሚ ምልክት ናት፤ ጠረጴዛው ላይ በቀይ ተሥላ አይቻታለሁ፣ አይቼ አልፌያታለሁ። ፖሊስ ደጁ ሲደርስ «ሞተች?» ያለውም ገድያታለሁ ብሎ ውሎ ስለነበር ነው። ኮቷን ነው የገጨው፤ ኮቱ ውስጥ ሌላ ሴት ነበረች። ገደልኳት ያላት ሚስቱ ግን በሕይወት አለች፤ እኔም ለዋስ ብዬ ራሴ ደውዬ ጠራሁት።

ስልኬን አወጣሁ። ጣቢያ ደወልኩ።

«ሴትዮዋ የት ናት?» አልኳት ሃምሳ አለቃዋን።

«እዚሁ። ዋሷ መጥቷል።»

«ፈርሟል?»

«አልፈረመም። የዋስትናው ፎርም ላይ የፊደል ስህተት አገኘና እያረመው ነው። ቀይ እስክሪብቶ አላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆናል።»

«ስጡት» አልኳት። «ያርም። የጣቢያውን ፎርም ሁሉ አምጡለት። ከእጅሽ እንዳይወጣ። ሴትዮዋንም ከእሱ ጋር አታስወጪያት።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እሺ» አለች። ይሄኛው እሺ ሌላ ነበር።

ጣቢያው ስደርስ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ሚስቱ ከጎኑ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ያንኑ ሹራቧን ለብሳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ለመሄድ የተዘጋጀች ሴት ናት። ከእሱ ጋር ወደ ቤቷ ልትሄድ።

«‹ዋስ› የሚለውን በሁለት ቦታ በተለያየ ፊደል ጽፋችሁታል» አለኝ። «አስተካክዬዋለሁ።»

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት» አልኩት። «እርስዎ ውሸት እንደማይናገሩ ገብቶኛል። ከሰኞ ወዲህ መኪናዋን የሚነዳት አንድ ሰው ብቻ ነው ብለውኛል። ያ ሰው ማነው?»

እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከተተው። ሊዋሽ ይችል ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ፤ ቃሉን ፈለገው፣ አላገኘውም።

«እኔ» አለ።

ሃምሳ አለቃዋ ኪሱን ፈተሸች። ሁለት ቁልፍ አወጣች፤ አንደኛው ላይ የመድኃኒት ድርጅት ማስታወቂያ ተንጠልጥሎበታል። ሚስቱ ቁልፏን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው። ምን እንደገባት ያየሁት ወደ አግዳሚው ጫፍ ስትሸሽ ነው።

«ኮቱን ነው ያየሁት» አላት። «ከዚያ ደጅ ስትወጪ። ስነቃ ሳጣሽ እዚያ የሄድሽ መሰለኝ።»

«እኔን ነው?» አለች። «እኔን መስላህ ነው?»

እጁን ለካቴና ሲሰጥ እንኳ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። የሚታሰርበት ነገር ግድ አልሰጠውም። ሌላ ነገር ነበር የሚፈልገው፣ ወራት ሙሉ የፈለገው።

«ማነው?» አላት።

«ማን?»

«ማክሰኞና ሐሙስ። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ። ወዳጅሽ ናት ብዬ ልብስ ሰፊዋን ስንት ጊዜ ጠየቅኳት፣ አልነግርም አለችኝ። አሁን ምንም አላደርገውም፣ ታስሬያለሁ። ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ልብስ ሰፊዋ ምንም የምትነግርህ ነገር የላትም» አለች። «ግድቡ ጋ ነው የምሄደው። ከሥራ በፊት። መኪናዋን ውሃው ዳር አቆማታለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ እቀመጣለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም ጋር አይደለም። የት ነበርሽ የሚለኝ ሰው ስለሌለ ነው የምሄደው። ቁልፉ ሲጠፋ በእግሬ ጀመርኩት፤ ድልድዩ ጋ ደከመኝና ተመለስኩ።»

ባልየው ራሱን ነቀነቀ። የታወቀ ስህተት ያገኘ ሰው አነቃነቅ ነበር። «አየህ?» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «አሁንም አትናገርም።»

ወስደው ምድር ቤት አስገቡት። ሃምሳ አለቃዋ ሴትዮዋን የት ላድርስሽ አለቻት፤ ሆስፒታል አለች። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ዓይኗን ገልጣለች፣ ትተርፋለች ብለዋል ሐኪሞቹ። አለፉኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ነበር፤ አንቺ ስላልኳት፣ ስላሰርኳት፣ ባሏን ራሴ ጠርቼ አሳልፌ ልሰጣት ስለነበረ። አፌንም ከፍቼ ነበር።

ነገር ግን በሩ ላይ ስትደርስ፣ ማስረጃው ሁሉ በእጄ እያለ፣ ወንጀለኛው ምድር ቤት ተቆልፎበት እያለ፣ አፌ ላይ የመጣው ይቅርታ አልነበረም። በእርግጥ ማንም የለም ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር።